ደም መላሽ

እኔ መረብ ሰፊ ነበርኩ፣ በሃል ከተማ ወደብ፣
ጣቴ የሚያውቀው ቋጠሮና ገመድ መሳብ።
መረቡ ተቀዶ ሲመጣ፣ ከሰሜን የበረዶ ባሕር፣
ከቀዳዳው ስፋት ነበር የዓሣውን ጉልበት የምቆጥር።

ኔድ ሃርግሬቭን ያየሁት እዚያው ነው፣ በመጋዘኑ በር፣
ሳጥን ተሸክሞ ሲሮጥ፣ ክንዱ በቅርፊት ሲያበር።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ግራ ቅንድቡ ገና ያልተነካ፣
በከሰል የተሰመረ፣ በክር የተለካ።

«ደም ትፈራለህ?» አለኝ አሠልጣኙ፣ ባለ አንድ ሳንባው ላውሪ።
አልፈራም አልኩት።
በዚያው ቀረሁ፤ ባልዲ፣ ፎጣ፣ ቫዝሊን፣
ጆሮዬ ላይ የተሰካ የጥጥ እንጨት፣
አሥራ አምስት ዓመት አንድ ፊት ስጠግን፣ በአንድ አንድ ደቂቃ ዕረፍት።
ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤
ለደከመ ሰው ብልጭታ ናት፣ ለሚፈስ ደም ግን ዘላለም።

በመጀመሪያው አሥራ አንድ ግጥሚያ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ፣
ፎጣ አጠፍኩ፣ ፎጣ ዘረጋሁ፣ ጋዜጣ አነበብኩ።
ያ ግራ እጁ! ነፋስ እንደ መታው በር ሳይነግር የሚመጣ፤
ሰውየው ተጋድሞ ነው የሚያስበው፣ ቡጢው ከየት እንደ ወጣ።

ከዚያ በሊድስ አንድ አየርላንዳዊ፣ ስሙ ፊንባር፣
በቡጢ አልነበረም የገባው፣ እንደ ወጠጤ በግንባር።
ተከፈተ ቅንድቡ።
አጥንቱን አየሁት፤ ነጭ ነው፣
እንግዳ የማይገባበት ንጹሕ ክፍል ይመስል።
ሥራዬ ያን ማታ ጀመረ።

መቶ ስድሳ ፓውንድ። ከዚያ በላይ አንዲት ጉርሻ የለችም።
ዊኒ የገናውን ዝይ ስትቆርስ እሱ በረዶ ይመጥ ነበር፤
ልጁ «አባዬ ለምን አይበላም?» ስትል፣
«አባትሽ ሚዛን ላይ ነው የሚኖር»።
አንዴማ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ተመዘነ፤
ትርፉ የጥርስ ያህል ነበር፣ ጥርሱ ኪሴ ገብቶ ልክ ሆነ።

ኖቲንግሃም። ለቀበቶው። አሥራ አምስት ዙር።
እስከ አሥራ ሁለት መራን፤ እኔም ቆጥሬዋለሁ፣ ላውሪም፣
ቢራ አዟሪው ሳይቀር።
በአሥራ ሦስተኛው ያ አሮጌ ስፌት ተተረተረ፤
ኔድ መጥቶ ተቀመጠ፣ «ዝጋልኝ» አለኝ፣ «ስድስት ደቂቃ ነው የቀረ»።
ዘጋሁት። በአውራ ጣቴ ያዝኩት፤ ደሙ ቆመ፣ ታዘዘልኝ።
ግን ሌላኛውን ዓይኑን አየሁ፣ ያልተመታውን፤
እኔን አልፎ ማንን እንደሚያይ እንጃ፣
በአባቱ ስም ጠራኝ።
ሌላ ማንም አልሰማም። እኔ ጥጉ ነበርኩ።
ዳኛው ጎንበስ ብሎ መጣ።

አውራ ጣቴን አነሣሁ።

ያ ብቻ ነው ያደረግኩት።
ደሙ እስከ ደረቱ ወረደ፣ ዳኛው እጁን አወናጨፈ፣
የሌላው ጥግ ሰዎች እንደ ሕፃን ዘለሉ።

ቢያሸንፍ ያቆም ነበር፤ ለዊኒ ምሎላታል።
ስለ ተሸነፈ ቀጠለ። «ቅንድቤ ነው የከዳኝ» ይላል።
አራት ዓመት፣ በገበያ አዳራሽ፣ በመጠጥ ቤት ጓሮ፣
ስም የሚፈልግ ጀማሪ ሁሉ መታው፣ በሱ ተሞክሮ።
ሠላሳ አንድ ድል፣ አሥራ አራት ሽንፈት፣ ሁለት አቻ፤
እኔ በቃሌ የያዝኩት ግን የስፌቱን ቁጥር ብቻ።

ረቡዕ ረቡዕ እሄዳለሁ። የጫማውን ክር አስርለታለሁ፣
ቋጠሮ ያስቸግረዋል።
ዙሩ ካለቀ ሃያ ዓመት ሆነ፤ እሱ ግን ገና ይዞራል፣
እስከ መስኮቱ፣ እስከ በሩ፣ ደወል የሰማ ይመስለዋል።
«ያ የጥጌ ሰውዬ» ይለኛል፣ ለእኔው፣
«ደግ ሰው ነበር። ያን ማታ ጥጥ አለቀበት መሰለኝ።»
እኔ ነኝ አልልም።
እጄን ያነሣና ቅንድቡ ላይ ያስቀምጠዋል።
አውራ ጣቴ ቦታዋን ታውቃለች።
እይዛለሁ።
ምንም አይፈስም። እይዛለሁ።