ቆጣሪ

ቡሽራ ደላላው ነው፣ በጠባቧ ቅያስ፣
ካዛንቺስ ከጀርባ፣ ከሰርቪስ ቤት ሲያደርስ፣
«አንገት ማስገቢያ ናት። የውሃ የመብራቱን
ራስህ ጠይቅ» አለኝ፣ እትዬ ደብሪቱን።

ቆጣሪው አንድ ነው፣ ቤቱ ግን ሁለት፤
ካውያ ክልክል ነው፤ አምፖሌ ባለ ስንት
ዋት መሆኑን ሳይቀር፣ ወንበር ላይ ወጥታ
አንብባ አረጋግጣ ነው የተኛችው ማታ።

እንግዳ ቢያድርብኝ፣ የውሃ ጭማሪ፤
እኔ ደሞ ሌሊት፣ ማተሚያ ቤት አዳሪ።
ንጋት ላይ ሳንኳኳ፣ ጋቢዋን ደርባ
ትከፍታለች እንጂ፣ አትለኝም «ግባ»።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ፤ ኪራይ ሲጨመር
በየመስከረሙ፣ ምንም ሳንማከር፣
«ኑሮ ነው» ትላለች፣ ቀና ሳትል ከምስር።

ታኅሣሥ ላይ መጡ፣ ቆጣሪዎች ሌሎች፤
ሜትር የያዙ፣ ቢጫ ሰደርያ ለባሾች።
በቀይ ቀለም ጻፉ፣ ቆርቆሮ አጥሯ ላይ፣
አንድ ቁጥር።
ለካስ እሷም፣ ለቀበሌው ከፋይ፤
በስድስት ብር ከሃምሳ፣ በባሏ ስም ውል፣
እንደኔው ተከራይ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትል።

መናደድ አማረኝ። ብሬን ሁሉ ቆጠርኩት፤
አራተኛው ዓመት ላይ፣ ጠፋብኝና ተውኩት።

ያን ለት ማታ መጥታ፣ በሬን አንኳኳችው።
«ግቢ» አልኳት። ገባች። አምፖሉን አየችው፣
ልማድ ሆኖባት ነው። ምንም ሳትናገር
የነጠላዋን ጫፍ፣ ስትፈታ ስትቋጥር
ቆየችና፣ ዝግ ብላ፦ «የዚያ የቡሽራ ስልክ
አለህ ወይ? አንዲት ክፍል...
እኔ ካውያ አልነካ።»