የግራ እጅ ሞረድ

አባቴ ካለፈ ከሦስት ወር በኋላ፣
ከአልጋው ሥር ጣሳ ወጣ፣ ዝገት የበላው በሞላ፣
ላይዋ የወተት ዱቄት፣ ውስጧ ግን ሌላ፤
አራት ብረት፣ ግሪስ በጠጣ ጨርቅ የታሰረ፣
ቅጠል የመሰለ፣ ጫፉ የጠቆረ።

«ለቁራሌው ስጪው» አለችኝ እህቴ፣
«በኪሎ ይመዝናል።» ዝም አለች እናቴ።

እኔ መረብ ጠጋኝ ነኝ፣ አሞራ ገደል ውሎዬ፣
አባ ኮዳ እንደ ዘበኛ የሚቆም ከኋላዬ፤
ከክር ወዲያ፣ ስለ ስለት ምን አውቃለሁ?
ጣሳዬን ታቅፌ አረብ ሰፈር ወጣሁ።

ጋሽ ዱካሞ ቁልፍ ይቀርጻል፣ ቢላ ይስላል።
ከሁሉ በፊት ግን ያሸታል።
አንዷን አነሳና፣ እንደ ቃሪያ አሽትቶ፣
ፀሐይ ላይ ደቅኖ በቀዳዳዋ አይቶ፣
«የቀስት ጫፍ ናት» አለ፣ «የአደን፣ የጥንት ሥራ፤
ባሕር ተሻግራ ነው የመጣችው፣ ከፈረንጅ ጋራ።

አየሽ ይሄን ግርጌ? ባዶ ነው፣ እንደ ልብስ ሰፊ የጣት ቆብ፤
እንጨቱን ታሾዪና፣ ሙጫ አቅልጠሽ ትለጥፊያለሽ በደንብ።
የዛሬው ብሎን አለው፣ ተጠምዝዞ ይገባል፤
የድሮው ጥርስ የለውም፣ በእምነት ይጣበቃል።
ስፌቱን ተመልከቺ፣ ቢጫዋን መሥመር፤
ነሐስ ነው፣ በእጅ የበየዱት፣ ፋብሪካ መቸኮል ሳይጀምር።
መሐል ያለችው ቀዳዳ ለጌጥ አይደለችም፤
ንፋስ ካላሾለከች ቀስቷ አትታመንም።»

ከዚያ ዝም አለ።
ሞረድ የሄደበትን ጭረት አስተዋለ።
አራቱንም ደረደረ፣ አገላበጠ፣
ቀና ብሎ፣ ፊቴን ትቶ፣ እጄ ላይ አፈጠጠ።

«ፈረንጁስ ጥሏት ሄዷል፤
የመጨረሻው ስለት ከዚያ በኋላ ነው፣ ዝገቱ ይናገራል።
ቀኝ እጅ ሲሞርድ ጭረቱ ወደዚህ ይወድቃል፤
ይሄ ተቃራኒ ነው።
የላሚሶ ልጅ፣ ይህን የሳለው ሰው
ግራኝ ነው።»

አባቴ?
በግራ ጉርሻ ሳነሳ በማንኪያ ጀርባ የመታኝ፣
«ግራ የሰይጣን ነው» ብሎ በሻሽ ያሰረኝ፣
ፊርማውን እንደ ልጅ፣ እያላበው፣ ፊደል በፊደል የሚጽፍ፣
ሚስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን የሚገርፍ?
«ድንኳን ተካይ ነበርኩ፣ ለአዳኞች ውሃ የምቀዳ፤
ቀስት በእጄ አልነካሁም» ይል ነበር፣ እንደ እንግዳ
ሻዩን እያማሰለ፣ በቀኝ፣ እያንጠባጠበ።
ለካ ግራ እጁን ነው ጣሳው ውስጥ የሰበሰበ።

ጋሽ ዱካሞ ዋጋ አልጠራም። ሞረድ አዋሰኝ፤
በሩ ድረስ ወጥቶ ደግሞ መከረኝ፦
«ወደ ፊት ብቻ ግፊው፣ ሲመለስ አንሺው፤
ስለት የሚሞተው በመጣበት ሲመለስ ነው።
የክንድሽን ጠጉር ሲላጭ ተይው፣ ይበቃል።
ከገጠምሽው ወዲያ ፈተና ይቀረዋል፤
ጥፍርሽ ላይ አቁመሽ አሹሪው እንደ እንዝርት፣
ከተንቀጠቀጠ ጠማማ ነው፤ አሙቀሽ ንቀይው፣ እንደገና፣ በትዕግሥት።»

ከታቦር ሥር፣ ጓሯችን፣ ጆንያ ሰቀልኩ፣
ገለባ የጠቀጠቅኩበት፤ አውሬ አልፈለግኩ።
(ለአደን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለእኔ ደግሞ ምክንያት።)
ደጋኑ የጎረቤት ቀርከሃ፣ ጅማቱ የመረብ ክር፣
ያንኑ ስጠግን የምውለውን፣ ሦስት እጥፍ የተገመደ ክር።

በቀኝ ሳብኩ።
ቀስቱ የእንሰቱን ቅጠል ለሁለት ቀድዶ አለፈ።
ደገምኩ። አጥሩን አቀፈ።
እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ በነጠላዋ ጫፍ እጇን እየጠረገች፣
«በግራሽ» አለች።

ሌላ ቃል አልጨመረች። ገባች።

በግራዬ ሳብኩ።
ጆንያው አንዴ ተነፈሰ።
ገለባ እንደ ወርቅ አቧራ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ሦስቱን ሳልኳቸው። አራተኛዋን አልነካሁም፤
የእሱን ጭረት በእኔ ጭረት አላጠፋሁም።
ጫፏ ላይ የጠቆረው ደም ይሁን ሙጫ
አልጠየቅኩም፤ የሚመልስም የለ።

ዓሣ ነበር እራት፣ ያን ዕለት ማታ፤
በግራዬ አነሳሁ። ማንኪያው ማንንም አልመታ።

ጠዋት ቁራሌው መጣ፣ «ቆርቆሮ ያለሽ!» እያለ፤
እህቴ ቁርሷን ትታ ተነሳች፣
በሩን ዘጋች።