ልክ

ጦርነቱ ባለቀ በሁለት ዓመቱ፣
ሳልዝቡርግ ዳር፣ ወታደር ጥሎት የሄደ የሳንቃ ቤት ነው መሥሪያ ቤቱ።
ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅሁ ካርድ እሞላለሁ፤
ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፤ ከዚያ «ማን ቀረዎት?» እላለሁ።

ገባ ሄርሽ ቫይንራብ፣ ልብስ ሰፊው፣ የቪየናው፣
ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ፤ ሌላ ንብረት የለው።
«ከዚህ በፊት አመልክተዋል?» ብለው፣ «እንዴታ!» አለኝ፤
«በሠላሳ ስምንት፣ ሦስት ሌሊት የቆንስላ ደጅ አሳደረኝ።
ያን በጋ፣ በሐይቅ ዳር፣ በትልቁ ሆቴል፣
የሠላሳ ሁለት አገር ሹም ተቀምጦ ነበር፣ ለእኛ ሲል።
እኔ ሬዲዮ ሥር ሱሪ እየተኮስሁ ሰማሁ፣
አንዱ ሲነሣ አንዱ ሲቀመጥ ቃላቸውን ቆጠርሁ፤
‹እናዝናለን፣ ግን አገራችን ልኳን ሞልታለች።›
‹እናዝናለን፣ የእኛዋማ ከልክ አልፋለች።›
ልክ መውሰድ ሙያዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ወስጃለሁ፤
ሰው ሳይለካ የተቆረጠ ልክ ግን ያኔ አየሁ።»

ሚስቱን ስጠይቀው ሜትሩን በጣቱ ጠቀለለው።
ያንን መስመር ባዶውን አለፍሁት፤ ደወሉን ብቻ ጮኸ የጽሕፈት መኪናው።

አሁን መንግሥታቱ ራሳቸው መጡ፣ ከነሐኪም፤
አንዱ ለማዕድን ጉድጓድ፣ አንዱ ለደን ቆረጣ፤ ለሐዘን የመጣ የለም።
ክንድ ይጨብጣሉ፣ ጥርስ ያያሉ፣ ደረት በጨረር፤
በሬ የሚገዛ ጎድን እንደሚዳብስ፣ ያው ነበር።
ሄርሽ ሸሚዙን አወለቀ፤ ሜትሩን አላወለቀም።
ግራ ሳንባው ላይ ጥላ አለ ተባለ። ማኅተሙ አልዘገየም።

ልጁ ፍሪዳ ግን፣ የዐሥራ አንድ ዓመቷ፣ አለፈች፤
የእናቷ እኅት ከባሕር ማዶ ጠርታታለች።

ያን ሌሊት ከወታደር ብርድ ልብስ ካፖርት ሰፋላት።
እኔ ፋኖስ ያዝሁለት።
እጅጌው ጣቷን ዋጠው፤ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተኛ።
«ልኳ እኮ አይደለም» አልሁ። ክሩን በጥርሱ በጠሰው።
«የዛሬ ልኳ አይደለም። ወደ ውስጥም አራት ጣት አጥፌያለሁ፤
እኔ የማላያትን ልጅ ለካሁ።»

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ፣ በእርሳስ፣ ሁለት መስመር፤
«አባዬ፣ እጥፉን ፈታነው።»
ከሥሩ ግራጫ ክር፣ በሙጫ ተለጥፎ።

ሄርሽን የሳንባ ሐኪም ቤት ከወሰዱት ስምንት ወር ሆኖታል።
ወዴት እንደምልከው ጠየቅሁ፤ መልስ ያጣሁበትን ቀን ካርዱ ላይ ጻፍሁ፣
ደብዳቤውን ከካርዱ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያያዝሁት።
መሳቢያው ከልኩ በላይ ሞልቷል።
ትንሽ ገፋ ሳደርጋቸው ገባ።