ተሻሽሎ የታተመ

ምድር ቤት፣ ከመዝገብ ክፍሉ ጀርባ ጓዳ፣
ጦሳ ተጠቅልሎ ይተኛል እንደ እንግዳ፤
ቦርከና ታጥፎ፣ ገራዶ ተሰቅሎ፣
አዝዋ ገደል ደግሞ በአይጥ ጥርስ ተከፍሎ።
ሠላሳ አራት ዓመት ቁልፍ የያዝኩት እኔ፣
ከነመነጽሬ ፈዘዘብኝ ዓይኔ።

የመጀመሪያው እትም መዳብ ነው እናቱ፣
አንጥረኛው ጓንጉል በትንሽ ስለቱ
ገልብጦ የቀረጸው፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
ፊደሉን እንደ መልክ በመስታወት ሲያጣራ።
ድሪና አምባር መሥራት የለመደው እጁ
ጦሳን ጌጥ አደረገው፣ ገደሉን ከነደጁ፤
ሰሜንን የሚጠቁም ቀስቱ ጉትቻ ነው፤
ከፍታውን ሳይሆን ውበቱን ለካው።

ከታች በኩል፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣
ከጥፍር በምታንስ፣ በቀጭን ጽሕፈት፣
«ሰርዶ ሜዳ» ይላል።
            ሰርዶ፣ ያ ግትሩ፣
ቢነቅሉት፣ ቢያቃጥሉት የማይለቅ ከአፈሩ።

መዳብም ያረጃል። ቀለም እየጠጣ፣
በጨርቅ እየታሸ ከማተሚያው ሲወጣ፣
የ«ሰ» ራስ ተበላ፤ ቁንጮዋ ተላጨ፤
ሁለተኛው እትም «በርዶ» ብሎ ቋጨ።
«በርዶ» ምን ማለት ነው? ማንም አልጠየቀ፤
ካርታ ላይ ያለ ስም በማኅተም ጸደቀ።

ሦስተኛው ሲታዘዝ እኔ ገና ልጅ ነኝ፤
አርሞ ማሳለፍ ነው ሥራው የተሰጠኝ።
«በርዶ»ን አየኋት። «የፊደል ግድፈት!»
ብዬ ፈገግ አልኩኝ፤ ደሞ በኩራት
በቀይ እስክሪብቶ አንዲት «ረ» ጨመርኩ፤
«በረዶ ሜዳ» አልኳት፤ ፈረምኩ፤ ቀጠልኩ።
ሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ከሃያ ዓመት ኋላ፣ ለመንገድ ልኬታ
ከዚያው ሜዳ ወረድን ሰኞ ቀን ከማታ።
ሙሄ የሚባሉ፣ ጋቢ የደረቡ
አዛውንት መጡና ከጎኔ ቀረቡ፤
«ስሙን ታውቃለህ ወይ ከየት እንደመጣ?
በአያቴ ዘመን ነው፤ ሰማዩ ተቆጣ፤
ሰባት ቀን፣ ሰባት ሌት በረዶ ወረደ፤
ስንቱ ከብት አለቀ፣ ስንቱ ቤት ተናደ፤
አያቴ የተረፉት ጋሻ ደፍተው» አሉ፤
«ጋሻው ዛሬም አለ፤ ስርጉዱም በሙሉ።»

እኔ ዝም።
ምን ልበል? ያ ሁሉ የሰማይ ቁጣ
ከእኔ እስክሪብቶ ነው በሻይ ሰዓት የወጣ።
ከብቱን የጨረስኩት፣ ጣራ የነደልኩት፣
ጋሻውን ሳይቀር እኔ ነኝ የሰረጎድኩት።

አሁን አራተኛው ሊወጣ ነው አሉ።
እርሳስ የለም፣ ሸራ የለም፤ ኮምፒውተር ነው ሁሉ።
«ጋሼ፣ የቱ ነው ልክ?» ሉባባ፣ ሦስቱን ዘርግታ፣
ትጠይቀኛለች ጠረጴዛ መትታ።
«ሁለቱንም ብትጽፊስ?» አልኳት፣ ድምፄ ሰልሎ።
«አይ፣ ሳጥኑ አንድ ስም ነው የሚይዘው ችሎ።»

«እኔ ከሞትኩ ወዲያ ሰርዶ አይብቀል» ያለች
ያቺ የተረት አህያ ከእኛ ቢሮ ነበረች፤
እያንዳንዱ እትም የፊተኛውን ገድሎ
ይወጣል፣ ግንባሩ ላይ «ተሻሽሎ» ተብሎ።

ነገርኳት። «ረ»ዋን። ሻዩን። የአዛውንቱን ጋሻ።
ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልዘለቀም እስከ መጨረሻ።
«ሙሄ አሉ ወይ ዛሬ?»
            «ሞተዋል።»
                        «ልጆቻቸው?»
«አሉ። ‹በረዶ ሜዳ› ይላል መታወቂያቸው።»

ትናንት በእግሬ ወረድኩ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት።
ኮብልስቶን ተነጥፏል። መብራት ቆሟል ከፊት።
በድንጋዩ መሃል፣ ከስንጥቁ ወጥቶ
አንድ አረንጓዴ ክር፣ ግራ ቀኝ ተዘርግቶ፣
ይሄዳል፤ ይታጠፋል፤ ሥር ይሰዳል እንደገና፤
የጓንጉል እጅ መሰለኝ፣ ሥራ ያልፈታ ገና።

ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ጦሳ ላይ ጠቆረ፤
ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ወፉ ሁሉ በረረ፤
ጠጠር የምታህል አንዲት ነጭ ነገር
ጫማዬ ላይ ዐርፋ ነጠረች ከሰርዶው ዳር።

ጃንጥላ አልያዝኩም ነበር።
ጋሻም።