መውጊያ

ውርጩ አልለቀቀም ከቆርቆሮው ጫፍ፣
ጠባሴ ዳር ላይ፣ ከመኖው ቤት ደጃፍ።
መውጊያው በብብቴ፣ ማኅተሜ በኪሴ፣
በእንፋሎት ይወጣል ከአፌ እስትንፋሴ።
ሽብሩ ቁልፉን ይዞ እየሳቀ መጣ፤
«ዛሬም ልትወጋኝ ነው? ግባ፣ ምን ልታጣ!»

ፋጉሎው ተከምሯል እስከ ጣሪያው ማገር፣
ጨውና ኖራው ከሞላሰሱ በርሜል ስር፤
በጆንያው ላይ ላም ናት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣
ጡቷ እንደ ጎተራ ተነፍቶ የወደቀ።
ከስሯ ጽሑፍ አለ፦ «ለወላድ ላም ምርጥ»፣
ምን እንደገባበት ግን አንድ ቃል አይገልጥ።

መመሪያውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦
ዩሪያ ከልኩ አይለፍ፤
አጥንት ለሚያመሰኳ አይግባ፤
የሻገተ ከደህናው አይቀላቀል፤
የተቀላቀለው ሁሉ በስሙ ይጻፍ።
ይህን የጻፈው ሰው
ጆንያ ውስጥ አፍንጫውን ከትቶ ያውቅ እንደሆነ
አላውቅም።

ወጋሁ። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።
አራተኛው ላይ ብረቱ ሳይታገል ገባ፤
ልምድ ነው፣ እጅ ከዓይን ቀድሞ ይባባ።
መዳፌ ላይ ዘረገፍኩት፤ ፉርሽካ ይመስላል፣
ግን ቀለል ይላል፣
ጥድ ጥድ ይሸታል።
የአናጢ ቤት ወለል ነው። ሰጋቱራ።

ሽብሩ አላየኝም፤ ወይም አይቶ ዝም አለ።
ከፋጉሎው ስርም ሻጋታ፣ እንደ ሣር የበቀለ።
«ጣሪያው አፍስሶ ነው፣ የዝናብ ነው ጥፋቱ፤
ላም ደግሞ ከሳኝ ታውቃለች? የታለ ምስክርነቱ?»

እውነቱን ነው፣ አልከሰሰችም።
ላም ቃሏን በወተቷ ትሰጣለች፤
ያን ቃል የሚያነብ ግን ከየት ይመጣል?
ናሙናው ታሽጎ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ ወተቱ በየቤቱ ይጠጣል።

«ታግዷል» የሚለውን ወረቀት በሙጫ ለጥፌ ስዞር
ወይዘሮ የሺመቤት በሩ ላይ ቆማለች፣
ባዶ ጆንያዋን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጥላ።
አነበበችው። ሁለቴ።

«ዛሬ ማታስ፣ ልጄ፣ ለዳለቻ ምን ልስጣት?
የቢራው አተላ ወረፋ ነው፣ ሁለት ቀን ከሌሊት፤
ገለባው አልቋል፣ ሣሩም በወርቅ ነው፤
ወረቀትህን ልከትፍላት? እሱስ ኪሎው በስንት ነው?»

በአንቀጾቹ ሁሉ ውስጥ ፈለግሁ፤
«ማታ» የሚል ቃል የለም።

ያለኝ አንድ ነገር ነበር፣ ከመመሪያው ያልተማርኩት፤
ከዘበኛው ብርጭቆ ውኃ ለመንኩና
ከአራተኛው ጆንያ አንድ ጭብጥ ጨመርኩበት።
«እዪ» አልኳት። ቆየን።
ፉርሽካው እየራሰ፣ እየከበደ ሰመጠ፤
ሰጋቱራው ከላይ ቀረ፣
እንደማያፍር እንግዳ ተንሳፎ ተቀመጠ።

ረጅም ጊዜ ብርጭቆውን አየች።
ከዚያ ወደ ሽብሩ ዞረች።
«ሦስት ዓመት፣ ሽብሩ፤ ሦስት ዓመት እንጨት በብድር ወሰድኩ።
ላሚቱ ስትከሳ ጠበል ወሰድኳት፣
ቡዳ በልቷት ነው ብዬ ጎረቤቴን ተቀየምኩ።»

ሽብሩ ሳቁን ፈለገው፣ አጣው።
እሷም ውኃውን ደጅ ደፍታ
ብርጭቆውን ለዘበኛው አልመለሰችም፤
በመቀነቷ አጥቅልላ ወደ ሌላው መኖ ቤት አቀናች፣
የበሬሳን ድልድይ ተሻግራ።

እኔም ናሙናዬን አሽጌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣
አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ።
ልጄ ቃልአብ አረንጓዴ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዟል፤
ወተቱ ከእሷው ነው፣ ከዳለቻ፣ ግማሽ ሊትር በቀን።

ሻጋታ በብርጭቆ ውኃ አይንሳፈፍም።
ኩባያውን ተቀብዬ ወደ አምፖሉ አነሳሁት፤
ልጄ «አባ፣ ምን ታያለህ?» አለኝ።
ነጭ ነው።
ነጭ ሆኖ ዝም ይላል።