የውሰት ትንፋሽ

ሊነጋጋ ሲል ርችት ተተኮሰ፣
ውሻው አልጋ ሥር ገብቶ አለቀሰ፤
ጉሙም ከገደሉ ሽቅብ እያዘገመ
የቆርቆሮውን ጣሪያ ተራ በተራ ሳመ።
ሳን ኢላርዮ ማለት ይቺው ናት በቃ፤
በኦሃካ ተራሮች፣ ከደመና በላይ፣
ከሰዎቿ ቀድሞ ክላርኔቷ የሚነቃ።

እንግዶች መጡልን ከአምስቱ መንደር፣
በጭነት መኪና፣ ከሙዝ፣ ከፍየል ጋር።
እስከ ትልቁ ጥድ ወጥተን ጠበቅናቸው፤
በአፍ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ማለት ነውር ነው በእኛ ዘንድ፣
በመለከት ጠርተን፣ በመለከት ሲመልሱ
ያን ጊዜ ነው ደጁን የምንከፍትላቸው።
ማደሪያ ሲታደል ሰው በስሙ አይጠራም፦
ለክሪሳንታ ቤት ሁለት ትሮምቦን፣
ለባለ ወፍጮው አራት ክላርኔት፣
ለእኛ የደረሰን አንድ ትልቅ ከበሮ፣
አንድ ድስት ባቄላ ጠርጎ የማይደክም፣
ሌሊት ሲያንኮራፋም ምቱን የማይስት።

አምስተኛዋ መንደር ሳንታ ኡርሱላ ናት።
ከእሷ ጋር በአንዲት ምንጭ
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንካሰስ ኖረናል፤
የወሰኑ ድንጋይ ሌሊት እግር አውጥቶ
ወዲህ ወዲያ ይላል፤
ሲነጋ እነሱም ምለዋል፣ እኛም ምለናል።
ግን ያለ እነሱ መለከት
በዓሉ ጨው ያጣል።

የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው አዳራሻችን፣
ከመረቡ ሥር ነው የባንዱ ወንበር፤
ከኋላ፣ ከጥግ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ፊደንሲዮ ነበር፤
ከሥር፣ ከመሠረት፣ በሆዱ፣ በሳንባው
ዜማችንን ሁሉ የተሸከመው።
በመጋቢት ወር ያው ሳንባው ከዳው።
ዘንድሮ ሚስቱ ሬሚሂያ
ቱባውን በሎሚና በአመድ ወልውላ፣
እንደ ሕፃን አዝላ
አምጥታ አኖረችው ከወንበሩ ላይ።
አልተናገረችም።
ሐዘኗም ቱባ ነው፣
ተጠቅልሎ ያለ፣ ጫፉ የማይታይ።

መምህርት ኢዶሊና በትሯን አነሣች፣
ሰልፉን ጀመርነው፤
እኔ ሁለተኛ ክላርኔት ነኝ፣ በግልጽ ሰማሁት፦
ዜማው እግር የለው።
እንደ አሮጌ ጠረጴዛ አዘመመ፣ አዘመመና
በስምንተኛው ምት፣ ሳንነጋገር፣
ሁላችን አቆምን።
ወለል አለ ጸጥታ፤
ከድስቱ የዘይት ጠስ ጠስ፣
ከጣሪያው የጉም ጠብታ።

ከእንግዶች አግዳሚ አንድ ሰው ተነሣ፣
ከሳንታ ኡርሱላ፣ ባሲልዮ የሚሉት፣
በዳኛ ፊት እጁን አንሥቶ የመሰከረብን።
ሜዳውን አቋረጠ በነጩ መስመር ላይ፣
ባርኔጣውን ይዞ፣ ማንንም ሳያይ።
ወደ መምህርቷ መስሎን ነበር፤
ሄዶ ቆመ ሬሚሂያ ፊት።
"አፍ የለውም" አላት፣
"ቱባው አፍ የለውም፤ ያላፍ አይነፋም።"
እጇ ሽርጧ ኪስ ገባ።
ለካ ከቀብሩ ቀን ወዲህ
ያችን መንፊያ ብረት፣ ትንሽ ጽዋ የመሰለች፣
ከጎኗ አልለየችም።
ሰጠችው። በእጅጌው ሊያብሳት ሲል
"ተው፣ አትጥረጋት" አለች።

እና ነፋ።
ግሩም ነው አልልም፤ አንድ ሁለቴ ስቷል፣
ፊደንሲዮ ከሚዘገይበት እሱ ይቸኩላል፤
ግን ሰልፉ እግሩን አገኘ፣
ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ልጆች ባንዱን ከበቡ፣
ያ ፈሪ ውሻ እንኳ ከአልጋ ሥር ወጣ።
የሬሚሂያ ጫማ
ከቀሚሷ ጫፍ ሥር ምት ሲቆጥር አየሁ፤
ፊቷ ግን ምንም አላወጣ።

ማታ ብረቷን መለሰላት፤ እንደሞቀች ነበር አሉ።
ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለን፣
ባሲልዮም እንደ ልማዱ ይመሰክርብናል።
ድንጋዩም በዚያች ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍር፣
ሁለት ክንድ ያህል ሄዶ አድሯል።
ወደየት?
ክላርኔት እንዲህ ያለ ነገር
መቼ ይናገራል?