ልክ ልኳን

ኅዳር ነው በታርቱ፣ ባሥር ሰዓት መሸ፤
ወንዙ ማዶ ያለው ብርሃን ሁሉ ሸሸ።
ቪርቬ ወጥ ቤት ገብታ፣ ጠረጴዛ አጽድታ፣
የመጽሔቱን ንድፍ እንደ አንሶላ ዘርግታ፣
ዳሩን በሹካዎች፣ በማንኪያዎች ጭና፣
መስመር ትፈልጋለች ጎንበስ ብላ ቀና።

ነጠብጣቡ ሌላ፣ ሰረዙም ሌላ ነው፤
አርባው ካርባ ስድስት ተጠላልፎ ያለው
እንደ ባቡር ሐዲድ፣ ትልቅ ጣቢያ መሃል።
ሰው በገዛ ልኩ እንዲህም ይጠፋል?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአርባው ቆረጠች፤
ሲጠባትም ጨርቁን፣ ሳሙናን ረገመች።
ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፣ ዚፕ ያልተዘጋቸው፣
ሰባት ቀሚሶቿ፣ ወግ ያልደረሳቸው።

ዛሬ ግን እኅቷ ሄልጊ መጣችና፣
«ቁሚ» አለቻት፣ ሜትር አወጣችና።
«ትንፋሽሽን ልቀቂ፣ ሆድሽን አትሳቢ፤
ፎቶ አይደለም ይሄ! እኔ ልጥራ፣ አንቺ መዝግቢ።»

ደረት። ወገብ። ዳሌ። ሁሉም ተሰፍሮ ሲያልቅ፣
ልክ ልኳን ነገራት ሜትሩ ሳይሳቀቅ።

«ሱቅ ውስጥ እኮ አርባ ሁለት ይገባኛል!»
«ሱቅማ ነጋዴ ነው፣ ያቆላምጥሻል።
ወረቀት ይሉኝታ ከወዴት ያመጣል?
ትከሻሽን ያዢ፣ ዋናው እሱ ነው፤
አርባ ሁለት ይበቃል፣ ከዚያ ጀምሪው፣
ብብት ሥር ወጣ በይ ወደ አርባ ስድስቱ፤
ወገብሽ ጋ ደግሞ...»
                    «ገባኝ፣ ተይ፣ እቱ!»

ቀድሞ ባሮጌ አንሶላ፣ በላላ ስፌት፤
ሰማያዊው ሱፍ ይቆይ፣ መቀስ አይግባበት።

ቪርቬ ለበሰችው። መስታወት አላየች፤
እጇን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ላከች፣
የከረመ የቤሪ ማርማላት አወረደች።
የብብቱ ስፌት ጭጭ።
«ዳቦ አለ?» አለች።